ኮፊ፣ ኦፊስ፣ ፓላስ፣ ጋራዥ፦ የእንግሊዝኛ ስፔሊንግን በፊደል ብዛትና በመጨረሻ ፊደል ማስጠናት

ኮፊ፣ ኦፊስ፣ ፓላስ፣ ጋራዥ፣ ብሪጅ። ጅማ ውስጥ ያደገ ልጅ እነዚህን ቃላት ትምህርት ቤት ሳይገባ ጀምሮ ይሰማቸዋል። በጆሮ ሲሰሙ አይመሳሰሉም፤ በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው አንዱ በፊ፣ ሁለቱ በስ፣ አንዱ በዥ፣ አንዱ በጅ ያልቃሉ። በእንግሊዝኛ ግን አምስቱም ስድስት ስድስት ፊደል ናቸው፤ አምስቱም የሚያልቁት በኢ ነው። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ጽፌ ሳሳያቸው በረንዳዬ ላይ የተሰበሰቡት ልጆች አላመኑኝም። እየተነሱ አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩት።

ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈር ልጆች ሰብስቤ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የጅማ ክረምት ዝናቡ አይጠገብም፣ ልጅ ከቤት ርቆ አይሄድም፣ ለጥናት ይመቻል። ልጆቹ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ቃሉን ያውቁታል፣ ትርጉሙንም ይነግሯችኋል፤ ጻፉ ሲባሉ ግን የሰሙትን ብቻ ያሰፍራሉ። ኮፊን ኬ-ኦ-ኤፍ-አይ ብሎ የጻፈልኝ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ጆሮው በትክክል ሰምቶለታል፤ እንግሊዝኛ በጆሮ ብቻ አይጻፍምና ነው የተሳሳተው። ዐይኑ ቃሉን እንዲያይ የሚያስገድደው ነገር ያስፈልገው ነበር። እኔ ከሞከርኳቸው መንገዶች ሁሉ ይህን የሚያደርግ ሆኖ ያገኘሁት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ስንት ፊደል ነው? በምን ያልቃል?

መመሪያው ለወላጅ፣ ለታላቅ እህትና ወንድም፣ ለአስጠኚም ይሆናል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን ፊደል በፊደል በስማቸው አስቀምጫለሁ። እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ልጁ እየሰማ በላቲን ፊደል ይጻፍ። እግረ መንገዱንም ዲክቴሽን ይለማመዳል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ልጁ የሚማረው በየትኛው ፊደል ነው?

ይህን ሳያውቁ መጀመር ብዙ ያደክማል። በአማርኛ የሚማር ልጅ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ፊደል ጠቅልሎ መጻፍ ለምዷል። ቡና ለእሱ ሁለት ፊደል ነው። መጥበቅና መላላትንም አይጽፍም፤ «አለ» የሚለው ቃል ተናገረም ኖረም ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው ሲነበብ ነው። ስለዚህ ሃፒ በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ፒ ለምን እንደሚደረደር አይታየውም።

በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅ ደግሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ቁቤ ስለሚጽፍ የላቲን ፊደሎቹን አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ግን ወጥመድም አለው። በቁቤ ሲ የሚነበበው ጭ፣ ኤክስ ጥ፣ ኪው ደግሞ ቅ ተብሎ ነው። የተጻፈ አናባቢ ሁሉ ይነበባል፣ ድርብ ከሆነ ይረዝማል። በዚያ ላይ ሲ-ኤች፣ ዲ-ኤች፣ ኤን-ዋይ፣ ፒ-ኤች እና ኤስ-ኤች ቁቤ ደቻ ይባላሉ፤ ሁለት ሆነው ተጽፈው እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ። ፊሽ ስንት ፊደል ነው ብዬ ስጠይቅ «ሦስት ነው ቲቸር» ያለችኝ ልጅ በቁቤ ሕግ ልክ ናት። በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ግን ኤፍ-አይ-ኤስ-ኤች አራት ነው። መጀመሪያ ይህን በግልጽ ንገሯቸው፦ በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል ለብቻው ይቆጠራል፣ የሚሰማም ሆነ የማይሰማ።

የሚያስፈልገው

ባለካሬ የሂሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ ሰፊ ካርቶን፣ ማርከር፣ በመቀስ የተቆረጡ ትናንሽ ወረቀቶች። ደግሞ አንድ ጭብጥ ጥሬ ቡና። ጅማ ላይ ይሄ ከየትም አይጠፋም፤ ከሌለ ሽምብራ ወይም በቆሎም ይሆናል።

አንደኛ፦ ቃላቱን ከከተማው ልቀሙ

በመጀመሪያው ክረምት ከመዝገበ ቃላት እየመረጥኩ ረጅም ዝርዝር አዘጋጅቼ ነበር። ልጆቹ የማያውቋቸው ቃላት ስለበዙበት በሦስተኛው ቀን ተሰላቹ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የሚጠናው ቃል ልጁ ትርጉሙን ቀድሞ የሚያውቀው መሆን አለበት፤ አዲስ ትርጉምና አዲስ ስፔሊንግ በአንድ ጊዜ መጫን ይከብዳል።

አሁን ዝናቡ ጋብ ሲል ይዣቸው እወጣለሁ። ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባለው መንገድ ግራና ቀኙ ሰሌዳ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ሦስት ቋንቋ አለ። ሆቴል፣ ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ካፌ፣ ፋርማሲ፣ ላይብረሪ፣ ጋራዥ፣ ማርኬት። ልጆቹ እያዩ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ከአንድ ሰሌዳ ላይ የኦሮምኛውን ወስደው ለእንግሊዝኛው ያደርጉታል። ባንክ በቁቤ ቢ-ኤ-ኤ-ኤን-ኬ-አይ-አይ ነው፣ ሰባት ፊደል፣ መጨረሻው አይ። በእንግሊዝኛ ቢ-ኤ-ኤን-ኬ፣ አራት ፊደል፣ መጨረሻው ኬ። ሆቴል በቁቤ ኤች-ኦ-ቲ-ኢ-ኢ-ኤል-ኤ ሲሆን በእንግሊዝኛ ኤች-ኦ-ቲ-ኢ-ኤል ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አጽፏቸው። አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት አይደለም፤ እያንዳንዱ በቋንቋው ልክ ነው። ይህን ከልብ ብትነግሯቸው ልጁ በቋንቋው አያፍርም፣ እንግሊዝኛውንም አያምታታም።

የጎደለውን ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሙሉ። ለመጀመሪያው ሳምንት 40 ቃል ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ቁጠሩ

እያንዳንዱ ቃል በባለካሬው ደብተር ላይ፣ አንድ ፊደል በአንድ ካሬ ይጻፍ። ከዚያ ልጁ በየፊደሉ ላይ አንድ አንድ ፍሬ ቡና ያስቀምጥ፣ አንስቶም ይቁጠር። ለ4ኛ ክፍል ልጅ ይሄ ጨዋታ ነው፤ ለ8ኛ ክፍሉ በዐይን መቁጠር ይበቃል። የመጨረሻዋ ፍሬ ያረፈችበትን ፊደል ያክብበው።

ድርብ ፊደል ሁለት ፍሬ ይወስዳል። ኮፊ ስድስት ፍሬ ሲፈጅ ፊታቸው ላይ የሚታየው መደነቅ ስፔሊንጉን ያስይዛቸዋል።

ሦስተኛ፦ ቤት ስጧቸው

በግጥማችን ስንኝ ቤት ይመታል እንላለን፤ መጨረሻው ከመጨረሻው ጋር ሲገጥም። እኛም ቃላቱን ቤት እናስመታለን፤ ልዩነቱ በግጥም ቤት መምታቱን የሚፈርደው ጆሮ መሆኑ ነው፣ እዚህ የሚፈርደው ዐይን ነው።

ካርቶኑን በመስመር ከፋፍሉት። ከላይ ወደ ታች የፊደል ብዛት፦ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7። ከግራ ወደ ቀኝ የመጨረሻ ፊደል፦ ኢ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ቲ፣ ኤን፣ ዋይ፣ ኤል፣ ኬ፣ አር፣ ጂ። ልጁ ቃሉን ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ በቤቱ ይለጥፋል። ባንክ ባለ 4 ኬ ቤት ገባ። ማርኬት ባለ 6 ቲ። ላይብረሪ ባለ 7 ዋይ። ፋርማሲ ስምንት ፊደል ስለሆነ ከታች አንድ መስመር ይጨመርለት።

ባለ ኢው ዓምድ ቶሎ ይሞላል። በተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከማንኛውም ፊደል በላይ ቃል የሚዘጋው ኢ ነው። በአንጻሩ ለቪ፣ ለጄ፣ ለአይና ለዩ ዓምድ ብትሰጡ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግሊዝኛ በእነዚህ ቃል መዝጋት አይወድም፤ ታክሲ በአይ፣ ሜኑ በዩ የሚያልቁት ከሌላ ቋንቋ የገቡ ስለሆኑ ነው። ኦሮምኛ ቃሉን በአናባቢ መዝጋት ስለሚወድ ለጅማ ልጆች ይህን ባዶ ዓምድ ማየት ብቻውን ትምህርት ነው። «ቃሉ በአይ ሊያልቅ ነው? እስኪ ሁለቴ አስብ» ማለት ይቻላል።

አራተኛ፦ አንድ ቤት ክፈቱና የመጨረሻውን ፊደል ሥራ ጠይቁ

ዋናው እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉት። በአንድ ቀን አንድ ቤት፣ ከ12 ቃል አትለፉ። ከባለ 4 ኢ ቤት ጀምሩ፤ ቃላቱን ከእነዚህ ምረጡ።

ኔም፣ ሜክ፣ ሌት፣ ታይም፣ ላይፍ፣ ናይን፣ ሆም፣ ኖት፣ ሆፕ፣ ሀቭ፣ ጊቭ፣ ላቭ፣ ካም፣ ሳም፣ ራይስ፣ ፔጅ፣ ትሪ። ሁሉም አራት ፊደል፣ ሁሉም በኢ ያልቃሉ። ልጆቹን ጠይቁ፦ ይህ ኢ አይሰማም፣ ታዲያ ምን ይሠራል? እንዲሁ ለጌጥ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የብዙ ቃላት መጨረሻ ኢ በአፍም ይነገር ነበር፤ ድምፁ ቀረ፣ ፊደሉ ቆየ፣ ሥራም ተሰጠው።

የመጀመሪያው ሥራ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ስሙን ማስጠራት ነው። ኔም ውስጥ ያለው ኤ «ኤ» ይላል፣ ታይም ውስጥ ያለው አይ «አይ» ይላል፣ ሆም ውስጥ ያለው ኦ «ኦ» ይላል። ኢዋን በእጃችሁ ሸፍኑና አስነብቧቸው። ኤች-ኦ-ፒ መዝለል ነው፤ ኢ ሲጨመር ተስፋ ይሆናል። ኤን-ኦ-ቲ አፍራሽ ቃል ነው፤ ኢ ሲጨመር ማስታወሻ። ኤፍ-አይ-ኤን የዓሣ ክንፍ፣ ኢ ሲጨመር ደህና ወይም የገንዘብ ቅጣት። እጅን ማንሳትና መሸፈኑ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ሁለተኛው ሥራ ቪን መሸፈን ነው። ሀቭ፣ ጊቭ፣ ላቭ ውስጥ አናባቢው ስሙን አልጠራም፤ ልጆች «ሕጉ ተሰበረ» ይላሉ። አልተሰበረም። እንግሊዝኛ ቃል በቪ እንዲያልቅ ስለማይፈቅድ ኢ ከኋላ ቆማለታለች።

ሦስተኛው፣ ሲን ስ፣ ጂን ጅ ማሰኘት ነው። ራይስ ውስጥ ሲ ስ ሆነ፣ ፔጅ ውስጥ ጂ ጅ ሆነ። ወደ ባለ 6 ኢ ቤት ተመለሱና እዩ፤ ኦፊስና ፓላስ መጨረሻቸው ሲ-ኢ፣ ብሪጅና ኦሬንጅ ጂ-ኢ። ጋራዥ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነውና ዥ ይላል፣ ሥራው ግን ያው ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አንድነት ያልታየባቸው ቃላት አሁን ዘመድ ሆኑ።

ካምና ሳም ለብቻ ይቀመጡ። ሲ-ኦ-ኤም-ኢ ውስጥ የሚሰማው አጭር አ ነው፣ የተጻፈው ኦ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የድሮ ጸሐፊዎች እጅ ጽሕፈት ነው፦ ዩ፣ ኤን፣ ኤም እና ቪ ሁሉም በአጫጭር ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይጻፉ ስለነበር ሲደራረቡ ለማንበብ ያስቸግሩ ነበር፤ ስለዚህ በዩ ፋንታ ኦ ይጽፉ ነበር። ላቭም በዚሁ ይገባል። ምክንያቱ ሲነገረው ልጅ «ዝም ብለህ ሸምድድ» ከመባል ይድናል። ልጅን ያለ ምክንያት ማሸምደድ አልወድም።

ትሪና ፍሪ ውስጥ ኢ ራሷ ትነገራለች፤ ሁለት ሆና ስለመጣች። ኮፊም እንዲሁ።

ቀጥሎ ባለ 5 ዋይ ቤት፦ ሃፒ፣ ደርቲ፣ ሄቪ፣ ስቶሪ፣ ስተዲ፣ ካሪ፣ ሆሪ፣ ሬይኒ፣ መኒ፣ ኢንጆይ። እዚህ የሚጠየቀው ከዋይ በፊት ያለው ፊደል ነው። ተነባቢ ከሆነ፣ ቃሉ ሲረዝም ዋይ ወደ አይ ይለወጣል፤ አናባቢ ከሆነ አይለወጥም። ስተዲና ኢንጆይ እኩል አምስት ፊደል ናቸው፣ በአንድ ፊደል ያልቃሉ፣ ግን ሲረዝሙ መንገዳቸው ይለያያል። መኒና ኢንጆይን በሌላ ቀለም አስምሩባቸው።

ሌሎቹን ቤቶች በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ባለ 4 ኤል ቤት፦ ኮል፣ ቦል፣ ሂል፣ ሴል፣ ቴል፣ ፉል፣ መጨረሻው ድርብ ኤል። ባለ 5 ኤስ ቤት፦ ክላስ፣ ግላስ፣ ድሬስ፣ ክሮስ፣ ድርብ ኤስ። ባለ 4 ኬ ቤት ሁለት ጎራ አለው፦ ከአጭር ነጠላ አናባቢ ቀጥሎ ሲ-ኬ ይመጣል፣ እንደ ባክ፣ ሲክና ኔክ፤ ሁለት አናባቢ ወይም ሌላ ተነባቢ ከቀደመ ኬ ብቻዋን ትቆማለች፣ እንደ ቡክ፣ ዊክ፣ ሚልክና ባንክ።

አምስተኛ፦ ቤት አስቀይሯቸው

ቃላቱ ቤታቸውን ሲለምዱ ቅጥያ ጨምሩባቸውና አዲሱን ቤት ይፈልጉ። ሜክ ባለ 4 ኢ ነበረች፤ ሜኪንግ ስትሆን ኢ ወድቃ ባለ 6 ጂ ቤት ትገባለች። ስተዲ ባለ 5 ዋይ፣ ስተዲስ ሲሆን ኤስ-ቲ-ዩ-ዲ-አይ-ኢ-ኤስ፣ ባለ 7 ኤስ። ስተዲይንግ ግን ዋይን እንደያዘ ስምንት ፊደል ይሆናል፤ ሁለት አይ ጎን ለጎን እንዳይቆም።

ከሁሉ የምወደው የሆፕ ጥንድ ነው። ኤች-ኦ-ፒ ሦስት ፊደል፣ ኤች-ኦ-ፒ-ኢ አራት። ኢንግ ሲጨመርባቸው አጭሩ ፒን ደርቦ ሰባት ፊደል ይሆናል፣ ረጅሙ ኢን ጥሎ ስድስት። ረጅም የነበረው አጠረ፣ አጭር የነበረው ረዘመ። ልጆቹ ቡናቸውን ደርድረው ሲቆጥሩ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ እናንተ ቀድማችሁ አትንገሯቸው።

ስድስተኛ፦ በቡናው ሰዓት ጨዋታ

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ሦስቱን ዙር ተጠቀሙበት። በአቦል አንድ ቤት ይጠራል፣ «ባለ 4 ዲ!» ይባላል፤ ልጆቹ በተራ አንድ አንድ ቃል ያመጣሉ፦ ጉድ፣ ፉድ፣ ሮድ፣ ሃንድ፣ ኮልድ፣ በርድ። በቶና የተጠራውን ቃል ፊደል በፊደል ይዘረዝራሉ። በበረካ ቃሉን አስረዝመው ቤት ያስቀይራሉ። እናቶችም አያቶችም አብረው ይሰማሉ፤ እንግሊዝኛ የማያውቁ እንኳ ፊደል በመቁጠር ዳኛ ይሆናሉ። አንዲት አያት ልጁ ሲሳሳት «አንድ ጎደለህ የኔ ልጅ» ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ቆጥረው ነው እንጂ ቃሉን አያውቁትም። ልክ ነበሩ።

የተሸነፈን ልጅ ከጨዋታው አታስወጡ። ቃሉን ካሬ ላይ ደግሞ ጽፎ ይመለስ።

ክለሳ

የተጠናውን ቤት በዚያው ማታ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ ጠይቁ። ካርቶኑን ገልብጡና የቤቱን ስም ብቻ ተናገሩ፣ ልጁ በቃሉ ይሙላው። ደጋግሞ የሚሳሳተውን ቃል ከካርቶኑ አውጥታችሁ በሩ ላይ ለጥፉት።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር ለሚሠራ

ብዙ ቃል ለሚያደራጅ መምህር ኤክሴል ይረዳል። ቃላቱን በመጀመሪያው ዓምድ ጻፉ። በሁለተኛው የፊደል ብዛት የሚቆጥረውን ቀመር አስገቡ፣ ስሙ ኤል-ኢ-ኤን ነው። በሦስተኛው ከቀኝ በኩል ፊደል የሚያነሳውን፣ አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ፣ አንድ ፊደል ብቻ እንዲያነሳ አድርጋችሁ። ከዚያ መጀመሪያ በብዛት፣ ቀጥሎ በመጨረሻ ፊደል ሶርት አድርጉት፤ ቤቶቹ ራሳቸው ይሰለፋሉ። ከቃሉ በኋላ ሳይታወቅ ስፔስ ከተመታ ግን ኮምፒውተሩ እሱንም ይቆጥረዋል፤ ቃሉ አንድ ፊደል ይረዝማል፣ መጨረሻውም ባዶ ይሆናል። እሱን የሚያጸዳው ቀመር ቲ-አር-አይ-ኤም ነው።

አንድ የሚያጨቃጭቅ ነገር

ከለር የሚለው ቃል በእንግሊዝ አጻጻፍ ስድስት ፊደል ነው፣ ሲ-ኦ-ኤል-ኦ-ዩ-አር፤ በአሜሪካ አምስት። ሴንተር በሁለቱም ስድስት ፊደል ነው፣ ነገር ግን በእንግሊዝ በኢ፣ በአሜሪካ በአር ያልቃል። ልጆቹ ከሰሌዳ አንዱን፣ ከመጽሐፍ ሌላውን ይዘው መጥተው ይከራከራሉ። ሁለቱም ካርቶኑ ላይ ይለጠፉ፣ በየቤታቸው። ለፈተና ግን የመማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀምበትን ይያዙ፤ በአንድ ድርሰት ውስጥም ሁለቱን አያደባልቁ።